ለክሩ የተበሳው ወረቀት

ፓታን፤ ካርቲክ ወር፣ 1482 ዓመተ ቪክራም

ለሃያ አራቱ ድል ነሺዎች፣ ለእምነታችን አባቶች፣ ሰግጄ ብዕሬን አነሳሁ። በሆርሙዝ ደሴት ለምትነግደው ለአጎቴ ልጅ ለሳንጋን፤ ከእህትህ ከናይኪ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ ንግድህ፣ የምትጠጣው ውሃስ? መቼም አፍልተህና አጥልለህ እንደምትጠጣ አምናለሁ። እኛ ደህና ነን። ወንድምህ ፑናሲ ጉልበቱን ያመዋል፤ ምላሱ ግን ክፉ አይንካት፣ እንደ ድሮዋ ናት።

ሰሞኑን የእውቀት በዓል ነበር። እንደ ልማዳችን መጻሕፍቱን ከምድር ቤቱ አውጥተን፣ ትንፋሻችን እንዳይነካቸው አፋችንን በጨርቅ ሸፍነን፣ አቧራቸውን ጠርገን ለአየር አሰጣናቸው። አያታችን ራናይ ያስጻፈችውን የዘንባባ ቅጠል መጽሐፍ ስፈታው፣ ቅጠሉ እንደ ደረቀ ቂጣ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ብል ገብቶበታል። ብሉን ደግሞ ገድለን አንገላገል ነገር፣ ነፍስ ማጥፋት እምነታችን አይፈቅድም፤ አንድ በአንድ እያነሳን ወደ አትክልቱ ሸኘነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

መምህር ቲላክ አይተውኝ፣ «ምን ያስለቅስሻል? ቅጠል ያልቃል። ቃሉን አዲስ ቤት ሥሪለት እንጂ» አሉኝ። እዚያው ተሳልኩ። በሚመጣው ሳይሆን በሚቀጥለው ክረምት፣ በስምንቱ የጾም ቀናት የሚነበብ መጽሐፍ በአያታችን ስም አስጽፋለሁ። በወረቀት፣ ከነሥዕሉ፣ ከነወርቁ።

እዚህ የሚገኘው ወረቀት ሻካራ ነው፤ ቀለም ይጠጣል። ጥሩውን አንተ ካለህበት ላክልኝ። ተፈጭቶ ለሥዕሉ መደብ ቀለም የሚሆነውን ሰማያዊ ድንጋይም ጨምርበት። ደግሞም በመጨረሻው ቅጠል ላይ የአያታችን ዘር በሙሉ በስም ይጻፋል፤ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ጽድቁም ለሁሉም ይደርሳል። ፑናሲ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ እኔና የሞተው ባሌ አለን። አንተ ብቻህን ስለሆንክ «ሳንጋን» ብለን እናልፋለን። የቀረ ነገር ካለ ጻፍልኝ።

እህትህ ናይኪ


ሆርሙዝ፤ ማግ ወር፣ 1482

ድል ነሺዎቹ ረጅም ዕድሜ ይስጡልኝ፤ ለማከብርዎት ለእትዬ ናይኪ። ደብዳቤዎ በሰላም ደረሰኝ፤ ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብሉን ወደ አትክልት የሸኛችሁት ነገር እዚህ ቤት ትልቅ ሳቅ ሆነ።

ወረቀቱን አግኝቼልዎታለሁ። ከታብሪዝ የመጣ ነው፤ ከዛጎል የለሰለሰ። ግን ልክ ይሆናል ብዬ ዝም ብዬ አልገዛሁም። ወረቀት ቀለም እንዳይጠጣ የሚቀቡት ነገር አለ፤ አንዳንዶቹ ከቆዳና ከአጥንት ያፈሉታል ሲሉ ስለሰማሁ፣ ሻጩን ይዤ ቁም ስቅሉን አሳየሁት። «የስንዴ ውሃ ነው» ይለኛል። «ማልልኝ» እለዋለሁ። በመጨረሻ፣ «አንተ ባኒያ ነጋዴ፣ ልትጽፍበት ነው ወይስ ልትበላው?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጫፉን ቆርጬ ቀመስኩት። ስንዴ ነው።

እዚህ ወደብ አንድ ሐበሻ መርከበኛ አለ፤ አንገቱ ላይ መዳፍ የምታክል የጸሎት መጽሐፍ ያንጠለጥላል። እጄ ላይ አድርጌ ሳገላብጣት ቆይቼ በምን ላይ እንደተጻፈች ብጠይቀው፣ «በፍየል ቆዳ» አይለኝም! እጄን ታጠብኩ፤ ያን ቀንም ጾምኩ። ግን ልዋሽ አልችልም፣ ፊደሏ ታምራለች።

አሁን ደግሞ ጥያቄ። ሥዕሎቻችን ላይ ሰው ወደ ጎን ዞሮ ሲሳል፣ ያኛው ዓይን ከፊቱ ወጥቶ አየር ላይ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው? ጥቁሩን ቀለም የምትሠሩበት ጥላሸት ከመብራት የሚለቀም ከሆነ፣ መብራቱ ውስጥ የሚገቡት የእሳት ራቶችስ? ሰዓሊው ብሩሹን የሚሠራው ከሽኮኮ ጭራ ነው ይባላል፤ ሽኮኮዋ ምን ትላለች?

ስለ ስሙ ነገር አይቸኩሉ። ለማወቅ ያህል ብቻ፣ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ለመግባት ሰው ምን ማሟላት አለበት? የግድ ፓታን መወለድ አለበት? ለማወቅ ያህል ነው።

ታናሽ ወንድምዎ ሳንጋን


ፓታን፤ ቻይትራ ወር፣ 1482

ድል ነሺዎቹ ይጠብቁህ፤ ወንድሜ ሳንጋን። ሃያ ዓመት ሙሉ የጻፍክልኝ ስለ ቁንዶ በርበሬ ዋጋ ብቻ ነበር። ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው ስለ ሽኮኮ ስሜት የምትጨነቀው?

ለማንኛውም ጥያቄህን ይዤ ሰዓሊው ናሩ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ሞካልም እዚያው ነበር፤ እንደ ወትሮው ወገቡን እያሸ። ናሩ የዓይኑን ጥያቄ ሲሰማ ብሩሹን አስቀመጠ።

«እሜቴ፣ ቤተ መቅደስ ያሉት ምስሎች ዓይናቸው ከመስታወት ተሠርቶ ወጣ ብሎ የተለጠፈ አይደለም? በዓይናቸው እንዲያዩዎት አይደል የሚሄዱት? ታዲያ እኔ አንዱን ዓይን አፍንጫ ኋላ ደብቄ ቅዱሱን ሰው አንድ ዓይና ላድርገው?»

«ሽኮኮዋስ?» አልኩት።

«ሽኮኮዋማ ከእኔ ይሻላታል። በየጠዋቱ ሽምብራ እየበላች ጭራዋን አበጥርላታለሁ። በማበጠሪያው የቀረውን ፀጉር ነው የምወስደው። ሚስቴ እንኳ እንዲህ አበጥረኸኝ አታውቅም ትለኛለች።»

ጥላሸቱን በተመለከተ፣ መብራቱን በስስ ጨርቅ ስለሚከልሉት የእሳት ራት አይገባም። ሞካል ይህን ካስረዳኝ በኋላ፣ «ይህን ሁሉ የሚጠይቀው ነጋዴ ነው ወይስ ሕፃን?» አለኝ። ያቺ ነገር ከጆሮዬ አልወጣችም።

ስለ ስሙ ፑናሲን ጠየቅኩት። «በመጨረሻው ቅጠል ላይ ማን እንደሚገባ የሚወስነው የቤቱ ታላቅ ነው፤ ታላቁም እኔ ነኝ። በእኛ ሥርዓት ያልተወለደ፣ መምህር ያልባረከው አይገባም» አለ። ባልጠየቅኩት ነገር መቆጣቱ ገረመኝ። በኋላ እንደሰማሁት፣ አንድ የካምባት ነጋዴ «ሳንጋን ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ትንሽ የሴት ልጅ ቀሚስ ተሰጥቶ አየሁ» ብሎ ነግሮታል። ፑናሲ ነጋዴውን ዝም አሰኘው፤ እኛንም ዝም አሰኘን።

እኔ ምንም አልጠየቅኩህም። ወረቀቱ ከዝናቡ በፊት ይድረስልኝ።

ናይኪ


ሆርሙዝ፤ ቫይሻክ ወር፣ 1482

ድል ነሺዎቹ ጤና ይስጡልኝ፤ እትዬ ናይኪ። መርከቡ ሊነሳ ስለሆነ አላረዝምም። ወረቀቱንና ድንጋዩን በሰም ጨርቅ አስጠቅልዬ ልኬያለሁ። እንደ አያታችን መጽሐፍ ረዘም ጠበብ አድርገው እንዲቆርጡት አዝዣለሁ። ሲፈቱት አንድ ያላዘዙት ነገር ያያሉ። ከልብ የተሠራ ነው፤ እዚያ ደክማችሁ እንዳትሠሩት ተብሎ ነው።

ስለ ቀሚሱ ያነሱትን አንብቤያለሁ። መልሱ በችኮላ የሚጻፍ አይደለም።

ሳንጋን


ፓታን፤ አሻድ ወር፣ 1482

ሰላምታው ይቆየኝና፣ ማን ነው የበሳው?

ጥቅሉን የፈታነው ናሩ ቤት ነበር። ሞካል የመጀመሪያውን ወረቀት ወደ ብርሃኑ አነሳና በመሃል ባለው ቀዳዳ አየኝ። እውነቴን ነው፣ ዓይኑ ታየችኝ። ሁለተኛውን አነሳ፤ ያውም ቀዳዳ አለው። መቶ ሰላሳውም ቅጠል ልክ እምብርቱ ላይ ተበስቷል!

«ወይኔ ልፋቴ! ይህን የመሰለ ወረቀት! የትኛው አረመኔ ነው?» አለና ራሱን ያዘ።

ሳንጋን፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ጊዜው ተለውጧል። ክር በመሃሉ የሚያልፈው የዘንባባ ቅጠል ነበር። ቅጠል ጠንካራ ነው፤ ወረቀት ግን ክር ከገባበት ይቀደዳል። አሁን ቅጠሎቹን ሳናያይዝ ደራርበን፣ በሁለት ሳንቃ መሃል አድርገን፣ በጨርቅ እንጠቀልላቸዋለን። ሞካል ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሲጽፍ መሃሉን ባዶ ይተዋል፤ ክሩ ያልፍበት የነበረው ቦታ ላይ ናሩ ክብ ይስልበታል፤ አንዳንዴ በቀይ፣ አንዳንዴ በወርቅ። ለምን ብትለው፣ «አባቶቻችን ያልጻፉበትን ቦታ እኔ ማን ነኝና እጽፍበታለሁ?» ይልሃል። የሌለ ቀዳዳ እናከብራለን እንጂ ወረቀት አንሸነቁርም!

ያዘዝከው አንተ ልትሆን ትችላለህ ብዬ ነበር። ግን ቀዳዳውን ደጋግሜ አየሁት። የገበያ ባለሙያ እጅ አይደለም። ዙሪያውን አንድ ሰው በጥፍሩ ደጋግሞ አለስልሶታል። ለእያንዳንዷ ቅጠል እንዲህ የሚጨነቅ ነጋዴ አላውቅም። ስለዚህ እንደገና እጠይቅሃለሁ፣ ማን ነው?

ባሕሩ ተዘግቷል። ይህ ደብዳቤ ካምባት ወደብ ዝናቡን ቁጭ ብሎ ያሳልፋል። አንተ ጋ እስኪደርስ እኔም ንዴቴ ይበርድልኝ ይሆናል።

ናይኪ


ሆርሙዝ፤ ማግ ወር፣ 1483

ድል ነሺዎቹ ትዕግሥትዎን ያብዙልኝ፤ እትዬ ናይኪ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆየ። መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

የበሳችው ልጄ ናት። ማህባኑ ትባላለች።

እናቷ የዚህ አገር ሰው ናት፤ ደግ ሴት ናት፤ ዓሣ ትበላለች። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ምድጃ አለን፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእኔ። ልጅቷ መናገር ስትጀምር የትኛው ምድጃ ጋ እንደምትቀመጥ ማንም አላዘዛትም። ራሷ መጥታ ከእኔ ጋ ተቀመጠች። እንግዲህ ዓሣ ቀምሳ አታውቅም፤ ስትራመድም ጉንዳን እንዳትረግጥ መሬቱን እያየች ነው።

ደብዳቤዎችዎን ጮክ ብዬ የማነበው ለእሷ ነው። የዓይኑ፣ የሽኮኮዋ፣ የእሳት ራቱ ጥያቄ ሁሉ የእሷ ነው፤ እኔ ምን አውቄ። የናሩን መልስ ስትሰማ ሰውን ሁሉ ወደ ጎን አዙራ ያኛውን ዓይን ስትፈልግ ሰነበተች። ስለ አያታችን መጽሐፍም ነገርኳት፤ ክሩ በመሃሉ እንደሚያልፍ፣ ስንፈታው ክሩ ሲያፏጭ እንደምንሰማ። እኔ የማውቀው ያን ነው። ወረቀቱ ሲመጣ «አክስቴ እንዳትደክም» ብላ ወስፌ ይዛ ተቀመጠች። ምነው በከለከልኳት ኖሮ! ይባስ ብዬ እኔው ነኝ ወረቀቱን የያዝኩላት።

ለምን እንደደበቅኳት ያውቁታል። ጋሼ ፑናሲን እፈራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ስሟ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ይግባ። ከፓታን ሌላ ምንም አልፈልግም። እኔ ስሞት ይህቺ ልጅ የማን ናት ቢባል፣ የሆነ ቦታ ተጽፎ ይገኝ።

ሳንጋን


ፓታን፤ ቻይትራ ወር፣ 1483

ድል ነሺዎቹ አንተንም፣ ማህባኑንም፣ እናቷንም ይጠብቁልኝ።

አንብቤ አለቀስኩ፤ ቀጥሎም ሳቅኩ፤ ከዚያ ነጠላዬን ደርቤ ፑናሲ ዘንድ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

«ስምዋ ማነው አልሽኝ?»

«ማህባኑ።»

«ይህ የእኛ ስም ነው?»

«የወንድምህ ልጅ ስም ነው።»

«ናይኪ፣ አትጨቅጭቂኝ። ያ ቅጠል በጉባኤ ፊት ነው የሚነበበው። ነገ ሴት ልጆቼን ልድር ነው። ማህባኑ ማናት ቢሉኝ ምን ልበል? አይገባም ብያለሁ፤ አይገባም!»

መምህር ቲላክንም ጠየቅኩ። «የቤት ጉዳይ በቤት ይለቅ» አሉኝ። አዝናለሁ ወንድሜ። ወጪው የእኔ ቢሆንም የአያታችን ዘር አለቃ እሱ ነው። እንዲህ መሆኑ ያንገበግበኛል።

ስለ ወረቀቱ ግን ለልጅህ ይህን አንብብላት። ናሩ ከዚያው ወረቀት ቁራጭ እየወሰደ፣ በስንዴ ሙጫ እየለጠፈ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖታል። ላዩ ላይ ወርቁን ክብ ሲስልበት የተበሳበትን ቦታ እኔ ራሴ አላገኘውም። ሞካል ደግሞ አንድ ነገር አግኝቷል። ከመደፈኑ በፊት ቅጠሎቹን በቀጭን ቀርከሃ ላይ ሰክቶ ሲደረድራቸው፣ አንዱ ከአንዱ ዝንፍ አይልም። መስመሩን በሙሉ ከቀዳዳው እየለካ አሰመረ። በዕድሜው እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ አያውቅም፤ አሁን አረመኔ ያለቻት አፍ ዞራ «እንዴት አድርጋ ነው ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ የበሳችው? ጠይቂልኝ» እያለች ትነዘንዘኛለች።

እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ምን ትመስላለች? ዓይኗ የማንን ይመስላል?

ናይኪ


ሆርሙዝ፤ ቫይሻክ ወር፣ 1483

ድል ነሺዎቹ ይጠብቁዎት፤ እትዬ ናይኪ።

ለሞካል መልሱ ይኸውልዎ። አሥር አሥሩን አንድ ላይ አድርጋ፣ ከአራቱም ማዕዘን በሰንበሌጥ ለክታ፣ ሰንበሌጡ የሚገናኝበት ላይ ነው የበሳችው። ማንም አላሳያትም። ዓይኗ የአያታችንን የራናይን ነው፤ ስትቆጣ በተለይ።

ጋሼ ፑናሲ የወሰኑትን አልነገርኳትም። እሷ ግን ከደብዳቤው ምን ያህሉን እንደዘለልኩ ገምታ፣ «አባዬ፣ ወረቀቱ ረጅም ነው፤ አንተ ያነበብከው አጭር ነው» አለችኝ።

እንግዲያው የእኔም ስም ይውጣ። እሷ ከሌለችበት እኔ ብቻዬን የአያቴ ዘር ሆኜ መነበብ አልፈልግም። ይህን የምለው ተቆጥቼ ነው፤ ተረጋግቼም ግን ያው ነው።

ሳንጋን


ፓታን፤ ባድራፓድ ወር፣ 1483

ለሃያ አራቱ ድል ነሺዎች ምስጋና ይድረሳቸው። ለሳንጋን፣ ለማህባኑና ለእናቷ። ጾሙ ትናንት ተፈጸመ። ባሕሩ ሲከፈት የመጀመሪያው መርከብ ይህን ይዞ እንዲነሳ ዛሬውኑ ወደ ካምባት እልከዋለሁ።

ስምህን አላወጣሁትም። ታላቅ እህትህ ነኝ፤ አንተን ልሰማ ነው እንዴ?

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሞካል የመጨረሻውን ቅጠል ሊጽፍ ሲቀመጥ ነበር። አነበብኩለት። ብዙ ሰዓት ብዕሩን ሲቀርጽ ቆየና፣ «እሜቴ፣ የቤተሰቡ ዝርዝር የጌታ ፑናሲ ነው፤ እሳቸው ያሉትን እጽፋለሁ» አለ። ብዕሩን ቀለም ነክሮ ቀጠለ፦ «ከዝርዝሩ በታች ያለችው መስመር ግን የእኔ ናት። መጽሐፉን ማን እንደሠራው የሚጽፈው ጸሐፊው ነው። በዚያች መስመር ላይ ንጉሥም አያዘኝም።»

መጽሐፉ በአደባባይ ዞሮ፣ በሰንደልና በአበባ ተሰግዶለት ጉባኤ ገባ። መምህር ቲላክ ስምንቱንም ቀን አነበቡ። የድል ነሺው ልደት ጋ ሲደርሱ ሥዕሉን ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩ፤ ያንተ ሰማያዊ ድንጋይ ሲያበራ ሴቱ ሁሉ እልል አለ። በመጨረሻው ቀን የመጨረሻው ቅጠል ደረሰ። የሰንበሌጡን ነገር ሰሞኑን ነግሬው እንዳልሰማ ያለፈኝ ፑናሲ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ አዲስ ጥምጣም ጠምጥሟል። ራናይ ተባለ፤ ልጆቿ ተባሉ፤ ፑናሲ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፤ ናይኪ፣ ባሏ፤ ሳንጋን። ፑናሲ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ከዚያ መምህሩ ቀጠሉ።

«ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሞካል ነው። ሥዕሉን የሳለው ናሩ ነው። የመስመሩን ልክ ያወጣችው የሳንጋን ልጅ፣ የራናይ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ማህባኑ ናት። ጽድቁ ለሁሉም ይድረስ።»

ሕዝቡም «ይድረስ!» አለ። መቼስ ሕዝብ ያልተነገረውን አይመረምርም፤ ማን ናት ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ፑናሲን ማየት ፈርቼ ምንጣፉን አየሁ።

ስንወጣ ጠበቀኝ። በዱላው ተደግፎ ከጎኔ ከጎኔ ይሄዳል። አሁን ፈነዳ፣ አሁን ፈነዳ እያልኩ ቤቴ በር ላይ ደረስን።

«አንቺ» አለኝ።

«አቤት» አልኩ።

«ሰንበሌጥ ነው ያልሽኝ? በሰንበሌጥ ለክታ?»

«በሰንበሌጥ። ማንም ሳያሳያት።»

ጥምጣሙን አወለቀና ላቡን ጠረገ። ፊቱን ወደ መንገዱ መልሶ፣ እኔን ሳያይ፣ «ስንት ዓመቷ ነው?» አለ።

ለካ አልነገርከኝም! እኔም አልጠየቅኩህም። እሱ በሩ ላይ ቆሟል፤ አልሄደም። ስለዚህ ወንድሜ፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ሳትቀመጥ ጻፍልኝ፤ ስንት ዓመቷ ነው?

ናይኪ